መውለድ ካቆሙ በኋላ የእናቶች ልብ ጠባቂ ይሻል

አንዲት እናት በእርግዝናዋ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ ትጠራለች፤ የደም ግፊቷ ይለካል፥ ክብደቷ ይመዘናል፤ ከወለደችም በኋላ ሕፃኑን ለማስከተብ ትመላለሳለች። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን መውለድ ባቆመች ጊዜ ካርዷ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ልቧ ይበልጥ ጠባቂ የሚሻው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ስለሚኖሩት እናቶች ዛሬ ለማሳሰብ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ሴት የምታርጠው በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እስከዚያ ድረስ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የደም ሥሮቿን እያለሰለሰ፥ ጎጂው የደም ቅባት እንዳይበዛ እየረዳ ይቆያል። ሆርሞኑ ሲቀንስ የደም ቅባቱ ይጨምራል፤ የደም ሥሮች ይደርቃሉ፤ የደም ግፊትም ከዕድሜ ጋር ከፍ እያለ ይሄዳል። ቀድሞ በዳሌና በጭን ይቀመጥ የነበረው ስብም በሆድ ዕቃ ዙሪያ መከማቸት ይጀምራል። ይህ ስብ ከቆዳ ሥር እንዳለው ስብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ ጉበትን ያውካል፥ ለስኳር በሽታም መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ የልብ ሕመም ሴቶችን ከወንዶች 10 ዓመት ያህል ዘግይቶ ይደርስባቸዋል እንጂ አይተዋቸውም። 40 ዓመት ሳይሞላት ያረጠች ሴት ደግሞ አደጋው ይብስባታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሆዷ የገፋውን እናት «ተመችቷታል» ማለት ልማዳችን ነው። በገጠር የምትኖር የጉራጌ እናት እንሰት ስትፍቅ፥ ቆጮ ስታዘጋጅ፥ ውኃና እንጨት ስትሸከም ትውላለች። ከተማ ገብታ ሱቅ ስትቀመጥ ድካሙ ይቀራል፤ ቅቤው ግን አይቀርም። ክትፎን ለመንቀፍ አይደለም፤ የመስቀል ክትፎ የአገር ክብር ነው። የሚጎዳው የበዓሉ መብል የዘወትር ሲሆን ነው። ቡናውን በጨው የሚጠጣም፥ የቀን ጨው ሁሉ ተደምሮ ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ፥ እንዳያልፍ መባሉን ያስታውስ።

በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ይህን አያውቁም ነበር። የማይታመም በሽታ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ለመለካት ደግሞ ቡታጅራ እንግዳ አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፥ በአካባቢዋ በሚገኙ 9 የገጠርና 1 የከተማ ቀበሌዎች ልደትና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ጀምሯል። ልደትና ሞት በየቤቱ በተመዘገበበት አገር የእናቶችን የደም ግፊት መለካት ሊያቅት አይገባም። ወልቂጤም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት።

ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ከ40 ዓመት በላይ የሆነችን ሴት፥ በምንም ምክንያት ብትመጣ፥ የደም ግፊቷን ሳይለኩ እንዳይሸኟት እናሳስባለን። የልብስ ሰፊ ሜትርም ይበቃል፤ የሴት ወገብ ከ88 ሳንቲ ሜትር ካለፈ አደጋው ከፍ ያለ መሆኑን ያመለክታል። እናቶችም በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ። የልብ ሕመም በሴቶች ላይ ሁልጊዜ ደረትን በመውጋት ብቻ አይገለጥም፤ የትንፋሽ ማጠር፥ ያልተለመደ ድካም፥ የጀርባና የመንጋጋ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ይችላልና፥ ምች ነው፥ ጨጓራ ነው ተብሎ አይታለፍ። ልብን ይጠብቃል በሚል ተስፋም የሆርሞን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥ።

ለመስቀል ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ ትውልድ አገራቸው የሚጎርፉ ልጆችም አደራ አለባቸው። ለእናት ጋቢና ነጠላ ይዞ መምጣት መልካም ልማድ ነው፤ በማግስቱ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግን ከስጦታው ሁሉ ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሳትታመም የተለካች እናት ለሚመጣው መስቀልም ልጆቿን በጤና ትቀበላለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን።