ከመዋጮው በፊት

አምና በዋግ፣ ከሰቆጣ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ሲሰበሰቡ እኔም ከጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ንግግሩ በአማርኛ ተደረገ፤ የአጥሩ መዋጮ ላይ ሲደረስ እጅ ወጣ፤ ቃለ ጉባኤው ዞረ፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ አለቀ። ስለ ልጁ ትምህርት አፉን የከፈተ ወላጅ አላየሁም።

ሰው ሲበተን አንድ ወጣት መምህር ዱላቸውን አንስተው መንገድ የጀመሩ አዛውንት ጋ ጠጋ አለ። «አባቴ፣ ልጅዎ እኮ በሳምንት ሦስት ቀን ይቀራል።» «እሺ» አሉና አቀረቀሩ። መምህሩ ያንኑ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ደገመላቸው። ሰውዬው ዱላቸውን ተክለው ቆሙ፤ ሩብ ሰዓት አወሩ። ኋላ መምህሩ እንደነገረኝ፣ ፍየሎቹን ይጠብቅ የነበረው ታላቅየው ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ ውኃው ሩቅ ነው፤ መንጋው በጠዋት ካልወረደ ሐሩሩ አያስኬደውም። ከሰዓት ቢሆን ግን ልጁን ይልኩታል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚያስተምረው በሁለት ፈረቃ ነው! በማግስቱ ልጁ ከሰዓት ገባ።

መምህራን «ወላጁ ግድ የለው» ሲሉ እሰማለሁ። ወላጁም በፊናው «መምህሩ እንግዳ ነው፤ ዝውውሩ እስኪደርሰው ነው» ይላል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተባለው ይህን ክፍተት እንዲደፍን ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን ወላጅ የሚጠራው ወይ ለመዋጮ ወይ ልጁ ሲያጠፋ ነው። መዋጮውን አልነቅፍም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዋግ የደረሰበትን ያየ ሰው፣ አጥርና ወንበር ቅንጦት ነው አይልም። ግን ሁልጊዜ ለገንዘብ ብቻ የተጠራ ሰው፣ ሲጠሩት ኪሱን እንጂ ልጁን አያስብም።

በዋግ ደግሞ አንድ ዕድል አለ፤ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በኽምጥኛ ይማራሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናት «እስቲ አንብብልኝ» ብትል የሚነበበው ይገባታል። ይህን ግን መምህሩ ካልነገራት በምን ታውቃለች? ደብተር የተማረ ሰው ነገር ይመስላታል።

ከሁሉ የሚከብደው የረሃቡ ነገር ነው። ዝናብ በቀረበት በ2015 ክረምትና ከዚያ ወዲህ በነበሩት ወራት፣ በዋግ ወረዳዎች በሰሃላ ሰየምት፣ በዝቋላና በአበርገሌ በየቤቱ የነበረውን ጭንቅ ለማየት ባዶ የቀረውን ወንበር መቁጠር ይበቃ ነበር። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው ቃል እንኳ ስሙ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። እናት ግን ትናንት ማታ እራት እንዳልነበረ ለመምህሩ መናገር ታፍራለች። መምህሩም ያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ ያንበረክከዋል። እናቲቱ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ እሱም ከመቆጣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁ ከአንዱ ቅጣት ይተርፍ ነበር።

ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ነው። በየከተማው የተበተነው የዋግ ሰው ወደ ቀዬው ይገባል፤ የተማሪዎች ምዝገባም የሚቃረበው ያን ሰሞን ነው። ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ የአዲሱን የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ስብሰባ ያን ጊዜ ጥሩት። በኽምጥኛ ይሁን፤ ወላጆች ቀድመው ይናገሩ፤ መዋጮው መጨረሻ ላይ ይነሳ።