ሲሶ ከሩብ ይበልጣል! ልጆቻችን ይህን በገመድ ይማሩት

ገበሬ ወንድሞቼ፣ ገበሬ እህቶቼ!

እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል?» በሏቸው። «1/4» የሚሏችሁ ብዙ ናቸው። «ለምን?» ስትሏቸው «4 ከ3 ስለሚበልጥ ነዋ!» ይላሉ።

አትቆጧቸው። ልጁ የተሳሳተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መቁጠር ሲማር 4 ከ3 ይበልጣል ተብሏል። ያንኑ ይዞ መጣ። በክፍልፋይ ግን ከታች የሚጻፈው ቁጥር፣ አንዱ ነገር ለስንት እንደተካፈለ ነው የሚናገረው። አንድ እንጀራ ለሦስት ሰው ሲካፈልና ለአራት ሰው ሲካፈል አንድ አይደለም። ተካፋይ ሲበዛ ድርሻ ያንሳል።

ይህን እናንተ ድሮም ታውቁታላችሁ። 1/2 ማለት እኩል ነው። 1/3 ማለት ሲሶ ነው። 1/4 ማለት ሩብ ነው። አባቶቻችን «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲሉ፣ ሦስት ሲሶ አንድ ሙሉ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ጭሰኝነት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል። በእኩል ወይም በሲሶ ተስማምቶ ማረስ ግን ዛሬም በየመንደሩ አለ። ሲሶንና ሩብን የማይለይ ሰው አውድማ ላይ ይጎዳል። 12 ኩንታል ጤፍ ቢመረት ሲሶው 4 ኩንታል ነው። ሩቡ ግን 3 ኩንታል ነው። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ኩንታል! ይህ ቀልድ አይደለም፤ የቤተሰብ ቀለብ ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ልጁን «1/3 ይበልጣል በል» ብሎ ማሸምደድ አይበቃም። በዓይኑ ይየው፤ በእጁ ይስፈረው። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ገመድ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱን መሬት ላይ በሁለት ችካል ወጥሩት። ከችካል እስከ ችካል በልጁ ስንዝር 12 ስንዝር ይሁን። በግራው ችካል ሥር 0፣ በቀኙ ችካል ሥር 1 ብላችሁ ጻፉ። 1 ማለት ሙሉው ገመድ ነው። ከዚያ ልጁ ሁልጊዜ ከ0 እየተነሣ በስንዝሩ ይስፈርና ጠጠር ያስቀምጥ።

ሩቡ፣ 1/4፣ 3 ስንዝር ላይ ይውላል።
ሲሶው፣ 1/3፣ 4 ስንዝር ላይ ይውላል።
እኩሉ፣ 1/2፣ 6 ስንዝር ላይ ይውላል።
ሁለት ሲሶ፣ 2/3፣ 8 ስንዝር ላይ ይውላል።
ሦስት ሩብ፣ 3/4፣ 9 ስንዝር ላይ ይውላል።

አሁን ልጁ ያያል። ወደ 0 የቀረበው ያንሳል፤ ወደ 1 የቀረበው ይበልጣል። መምህራን ይህን የቁጥር መስመር ይሉታል። 12 የመረጥነው ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ4ም ያለ ትርፍ ስለሚካፈል ነው። 1/4ን ከ1/5 ጋር ለማወዳደር ከተፈለገ ግን ገመዱ 20 ስንዝር ይሁን። ሩቡ 5፣ አንድ አምስተኛው 4 ስንዝር ላይ ይውላል።

ሁለት ነገር ግን ጠብቁ።

አንደኛ፣ ልጆች ብዙ ጊዜ 0 ላይ ቆመው «አንድ» ብለው ይጀምራሉ። 0 መነሻ ነው። «አንድ» የሚባለው የመጀመሪያው ስንዝር ሲያልቅ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚወዳደሩት ከአንድ ሙሉ የተከፈሉ ይሁኑ። የ8 ጥማድ መሬት ሩብ 2 ጥማድ ነው። የ3 ጥማድ መሬት ሲሶ 1 ጥማድ ነው። ታዲያ ሩብ ከሲሶ በለጠ ማለት ነው? አይደለም! መሬቱ ስለተለያየ ነው። ስለዚህ ልጁ ሁልጊዜ «የምኑ ሲሶ? የምኑ ሩብ?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ።

«እኛ ራሳችን ፊደል የቆጠርነው ትናንት ነው፤ እንዴት እናስተምራለን?» የምትሉ አትጠፉም። መሬት በእርምጃ የለካ፣ እህል በቁና የሰፈረ ሰው ለዚህ አያንስም። የቁጥሩን አጻጻፍ መምህሩ ያስተምር። ነገሩን ግን እናንተ አሳዩ። ወንዱንም ሴቷንም ልጅ እኩል አስቀምጧቸው።

ገመዱ ቤት አለ፤ ችካሉም ደጅ አለ። ዛሬ በገመድ የለየ ልጅ፣ ነገ አውድማ ላይ ድርሻውን ይለያል።