«በሕግ አምላክ» ለፖሊስም ነው



ድሮ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሁለቱም ባሉበት ይቆሙ ነበር። ቃሉ ጠመንጃ ለያዘውም ለባዶ እጁም እኩል ነበር። ዛሬ ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው።

ባለፈው ወር ከምን አለሽ ተራ አጠገብ ሸክም እየሠራ የሚያድር አንድ ልጅ በፖሊስ ተይዞ ተወሰደ። ሦስት ሌሊት ታስሮ አደረ። ለምን እንደተያዘ የነገረው የለም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። በአራተኛው ቀን ፊቱ አብጦ «በል ሂድ» ተብሎ ወጣ። ሲያዝ ቆመን ያየን ከሃያ አናንስም። የፖሊሱን ስም የጠየቀ፣ ሰዓቱን የጻፈ፣ ምሳ ያደረሰለት ማን ነው? ማንም የለም። ማኅበራችንም አልሄደም። ጥፋታችንን አንሸሽግም። ዛሬ ልጁ ይክሰስ ቢባል እንኳ በእጁ አንድ ወረቀት የለውም።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ግን ይነቅዛል።

እስቲ እናስታውስ። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ከምርጫው ውዝግብ ጋር ተያይዞ እዚሁ መርካቶ ውስጥ ጥይት ተተኩሶ የሰው ነፍስ ጠፋ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በከተማው ደግሞ ተደገመ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ምስክር ሰምቶ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መዘገበ። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን የፖሊስ እርምጃ ከመጠን አላለፈም አለ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻ በ1999 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው፣ አባላቱ 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ እርምጃው ከመጠን ያለፈ ነው ብለው እንደነበር ገለጡ። ፍርዱ አከራከረ፤ የሙታኑ ቁጥር ግን ተጽፏልና ሊካድ አልቻለም። የምስክር ጥቅሙ ይኸው ነው።

ፖሊስ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም። ሌሊት በብርድ ሱቃችንን የሚጠብቅ፣ ሌባ አባሮ ዕቃችንን የሚያስመልስ አለ። ጥፋተኛው ሲጠየቅ የሚከበረው ይኸኛው ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በአንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ወዳጅ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጠይቁት ይችላሉ። ከሕግ ውጭ ያሰረና በያዘው ሰው ላይ ጭካኔ የፈጸመ የመንግሥት ሠራተኛ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 እና 424 ራሱ ይከሰሳል።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከእንግዲህ ሰው ሲያዝ አንደናቀፍ፣ አንሳደብ፣ ድንጋይም አናንሣ። በትሕትና «የት ጣቢያ ነው የምትወስዱት?» እንበል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፖሊሱን ስም እንጻፍ። ሁለት ሦስት ሆነን ምግብ ይዘን እንሂድ። የተመታ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፤ ወረቀቱም ይቀመጥ። የጣቢያው ኃላፊ አልሰማ ካለ ዐቃቤ ሕግና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አሉ። ጸሐፊ ላጣ ማኅበሩ ይጽፋል፤ አብሮም ይሄዳል።

ያ ልጅ ዘመድ የለውም ብለን ነበር ያለፍነው። ጎረቤት እያለ ዘመድ የለውም ይባላል?

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት