ወይ ረኀብ ወይ ቁንጅና፦ ወሎ በስክሪን ላይ

ድራማ ወዳድ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወቀሳዬ ከማያይ ሰው የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው። «ሰው ለሰው»ን በልጅነቴ ከትልልቆቹ ኋላ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ የአበበ ባልቻን አስናቀን እየጠላሁት እሱ የሌለበት ክፍል ይደብረኝ ነበር። «ገመና» ዕድሜዬ አልደረሰበትም፣ በኋላ በዩቲዩብ ነው ያገኘሁት። «ቤቶች»ን፣ «ዘመን»ን፣ «እረኛዬ»ን ተከታትያለሁ። መብራት ጠፍቶ ያመለጠኝን ክፍል ከጓደኛ ሚሞሪ ካርድ ገልብጬ ነው የማየው። እንግዲህ የምናገረው እንደ ተመልካች ነው።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ከከላላ፣ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከጃማ የመጣን ልጆች ስክሪን ላይ የምናገኘው ወሎ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ረኀብ፣ ሌላው ቁንጅና።

የመጀመሪያው የቆየ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ በፊልም ቀርጾ ለአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኮረም ላይ (ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች) የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። እነዚህ ፊልሞች መሠራት ነበረባቸው፤ ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። ግን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፦ የሚናገረው ጋዜጠኛው ነው። ወሎዬው ፊት ብቻ ነው። ስሙ ማን ነው? ከብቱን መቼ ሸጠ? ልጁን ምን ብሎ አጽናናው? አይታወቅም።

ሁለተኛው መልክ የራሳችን ሥራ ነው። ፊልሞቻችን ውስጥ ልብ የሚነካ ነገር ሲመጣ ከኋላ ትዝታ ወይም አምባሰል ይለቀቃል። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ዜማው ተወስዶ ሰዎቹ ቀርተዋል ማለት ነው። ወሎዬ የምትባል ገጸ ባሕርይ ከመጣችም ቆንጆ ናት፣ ሆደ ባሻ ናት፣ አለቀ። መሬት ተከራክራ አታውቅም፣ ጎረቤት አኩርፋ አታውቅም፣ ስለ ገብስ ዋጋ አታወራም። ኧረ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው እንዴ?

ከዚህ የባሰው የንግግሩ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ በተሠራ ኮሜዲ ገጠሬው ብዙውን ጊዜ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው፤ አፉን ሲከፍት ነው የሚሳቀው። የሚናገረው አማርኛ ደግሞ የጎጃምም፣ የጎንደርም፣ የሸዋም፣ የወሎም አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተፈጠረ «የገጠር አማርኛ» ነው። እኛ አገር ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ይምላል፣ ሙስሊሟ «በማርያም» ብላ ትለምናለች። ይህችን አንዲት ነገር በአንድ ድራማ ውስጥ በትክክል ብሰማ ቴሌቪዥኑን እስመው ነበር!

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «ሥራችንን ሊገድል፣ ባህላችንን ሊያጠፋ ነው» ብለው ተቃወሙ። የእንጀራ ጥያቄ ነበርና አልፈርድባቸውም። ግን ተመልካቹ ለምን ወደዚያ ሄደ? በእኔ እይታ መልሱ ልብስና ሕንፃ ብቻ አይደለም። እዚያ ድራማ ውስጥ አባት ይፈራል፣ አማት ታስጨንቃለች፣ የቤተሰብ ክብር ሲነካ ቂም ይያዛል። እኛ ሰፈር እንደዚያ ነው። የእኛው ድራማ ግን ቦሌ ቪላ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ውርስ ይነታረካል። ስለዚህ ኢስታንቡል ለከላላ ከቦሌ ቀረበቻት። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ አለን። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ምንድን ነው? እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ። አጎቱ በጓን ለመስቀል ሊያርዳት ያስባል፤ ልጁ ደግሞ ምግብ ማብሰል የሚወድ ወንድ ልጅ ነው፣ ሳምቡሳ ሸጦ የመኪና መሳፈሪያ ለማጠራቀም ይሞክራል። በቃ ይኸው ነው። እዚህ ደጋ በግ ጠብቆ ያላደገ ስንት ነን? ረኀቡም ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ግን ልጁ ስም አለው፣ ያኮርፋል፣ ይዋሻል፣ ያቅዳል። «እረኛዬ»ንም የወደድኩት በከፊል ለዚህ ነው። የጻፉት ሦስት ሴቶች (አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ) ገጠሩን ለመሳቂያ አላመጡትም።

ስለ ኮሚክስ ባጭሩ። ብዙ ሰው የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ያለበትን ሥዕል አይታችሁት የለም? ኮሚክስ ማለት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተነቧል፤ «ጥበብ ልጃገረዶች» ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ነገር ለልጆች በሥዕል ያወራል። ለኮሚክስ ካሜራም መብራትም አያስፈልግም። እርሳስና ወረቀት ያለው የዲፓርትመንታችን ተማሪ ነገ መጀመር ይችላል።

አሁን ወደ እኛው። ለኮርስ የምንጽፋቸውን ስክሪፕቶች እየተቀያየርን እናነባለንና አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ይጀምራሉ፣ ካፌ ውስጥ። አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ካፌውን ይጽፋል! እስቲ ቅሬን አስቡት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ቅጣት አለ፣ የቀረ ይከፍላል፣ የተጣላ አይቀርም። አሁን አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካስሶ፣ ፍርድ ቤት ተሸንፎ፣ በሳምንቱ የዚያው ጎረቤት እናት ትሞታለች። መቃብር ቆፋሪው ተራ የእሱ ነው። ይሄዳል አይሄድም? ሚስቱ ምን ትላለች? የቅሬው ዳኛ ምን ያደርጋል? ቪላ አያስፈልገውም፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ዶማ፣ አንድ ባና።

ስክሪፕቱን ለመጻፍ የሚነሳ ካለ ንግግሩን አብሬው አያለሁ። ተከራካሪዎቹ ግን እንደ ሰፈራችን ሰው ይናገሩልኝ።