ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝብ ከፊርማው በፊት ይጠየቅ

«ግሎባላይዜሽን» የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በየቀኑ ስለ ግሎባላይዜሽን ያወራል። ዘይት ለምን ተወደደ? ማዳበሪያ ለምን ዋጋው ናረ? የጎረቤት ልጅ ከፋብሪካው ለምን ተመለሰች? ዶላር ስንት ገባ? ቡና በተፈላበት ቤት፣ በእድር ድንኳን፣ በታክሲ ወረፋ የሚነሳው ይኸው ነው። ችግሩ ወሬው ሁልጊዜ የሚደርሰን ውሳኔው ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አባቶች።

አሁን ደግሞ ትልቅ ውሳኔ ፊታችን ተደቅኗል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሲጎተት የኖረው ድርድር በቅርብ ዓመታት ፍጥነት ጨምሯል። አባልነቱን አልቃወምም፤ ደንብ በሌለበት ገበያ ይበልጥ የሚጎዳው ደካማው ነው። ነገር ግን ውሉ ተራ ወረቀት አይደለም። በየትኛው ዕቃ ላይ እስከ ስንት ቀረጥ መጣል እንደምንችል ጣሪያ ይቆረጥበታል፤ የትኛው የአገልግሎት ዘርፍ ለውጭ ድርጅት እንደሚከፈት ይጻፍበታል። በኋላ ጣሪያውን ከፍ ላድርግ ብንል ከሌሎች አባላት ጋር እንደገና መደራደርና ማካካሻ መስጠት ይመጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ነው።

ሳይነገረን የገባንበት ነገር ምን እንደሚያስከትል ሐዋሳ ላይ አይተናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ እዚያ የሚሰፋው ልብስ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው በአጎዋ ዕድል ነበር። በጦርነቱ ሳቢያ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከዕድሉ አስወጣች። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ሠራተኛም ተቀነሰ። ከየገጠሩ መጥተው አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖሩ ለነበሩት ወጣት ሴቶች፣ እንጀራቸው በአንድ መንግሥት መልካም ፈቃድ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲቀጠሩ ማን ነገራቸው?

ቡናችንም እንዲሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ገበያዬ አይገባም ይላል፤ ማሳው የት እንደሆነም በካርታ ይታወቅልኝ ይላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም ጥያቄው አልቀረም። በከፋና በጅማ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ሲለቅም የኖረ ገበሬ፣ ዛፍ አለመቁረጡን አስረዳ ተባለ ማለት ነው። አንድ ሰው ስልክ ይዞ ማሳውን ሊለካ ሲመጣ፣ ነገሩ ቀድሞ ካልተነገረው፣ «ግብር ሊጨመርብኝ ነው ወይስ መሬቴ ሊወሰድ?» ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ውይይት ሥራውን የሚያስኬድ መሣሪያ ነው።

ውይይት ስል ግን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ አበልና የታሸገ ውሃ አድሎ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ተብሎ የሚበተነውን አይደለም። እኛ አገር እውነተኛው የማኅበረሰብ ውይይት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከምባታ አሳይታለች። ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ እንዲነጋገርና ራሱ እንዲወስን በማድረግ ነው። ስንት ዘመን የኖረ ልማድ የተሸነፈው በመመሪያ ሳይሆን በንግግር ነው። ለልማድ የሠራ ለቀረጥ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

«ድርድር ምስጢር ነው፣ ገበሬ ስለ ታሪፍ ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። ተደራዳሪው እስከ የት ድረስ እንደሚለቅ ምስጢሩን ይጠብቅ። ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ጫማ ሰፊውን ግን «የትኛው ዕቃ በገፍ ቢገባ ሥራህ ያበቃል?» ብሎ ለመጠየቅ ምስጢር ማውጣት አያስፈልግም። የዓለም ዋጋ ሲወርድ ቡናውን ደጁ ድረስ መጥተው በስንት እንደሚገዙት የሚያውቅ ገበሬ፣ ስለ ዓለም ንግድ ከብዙዎቻችን የበለጠ ያውቃል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በነጋዴዎች ማኅበርና በእድር በኩል፣ በየአካባቢው ቋንቋ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ጊዜ ካልተሰጠው የማይተርፈው ሥራ የትኛው ነው? ስንት ዓመት ይበቃዋል? ሥራ የሚያጣው ሰው ወዴት ይሂድ? ከዚያ መልስ ይዘው ይመለሱ፦ «ይህን ብላችሁን ነበር፤ ይህን ተቀብለናል፤ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አልቻልንም» ይበሉ። መልስ ይዞ የማይመለስ ሰብሳቢ ሕዝቡን አላወያየም፤ ጊዜውን ነው የወሰደበት።

ውሉ ምክር ቤት ገብቶ ከጸደቀ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ አዳምጠው ያለቅሱበታል እንጂ አይመክሩበትም።