የሼል ጋዝ ጥቅምና ዋጋው፤ የሁለት አጎራባች ግዛቶች ተሞክሮ

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያና ኒውዮርክ ግዛቶች ሥር ማርሴለስ የተሰኘ፣ በተፈጥሮ ጋዝ የበለፀገ የዓለት ንጣፍ ተዘርግቶ ይገኛል። ሀብቱ አንድ ቢሆንም ግዛቶቹ የደረሱበት ውሳኔ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ፍራኪንግ በመባል የሚታወቀው ዘዴ ውኃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ጥልቅ ዓለት በመላክ፣ ዓለቱን ሰንጥቆ ጋዙን ያወጣል። ለአንድ ጉድጓድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ከጋዙ ጋር የሚመለሰው ፍሳሽም ጨውና ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ሊይዝ ስለሚችል አወጋገዱ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

ፔንሲልቬኒያ ቁፋሮውን በመፍቀዷ ከቴክሳስ ቀጥላ የሀገሪቱ ሁለተኛ ጋዝ አምራች ለመሆን በቅታለች። ባለመሬቶች የሮያሊቲ ክፍያ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ በ2012 በወጣው ሕግ መሠረትም ከየጉድጓዱ ከሚሰበሰበው ክፍያ ከፊሉ ቁፋሮው ለሚካሄድባቸው አካባቢዎች ይከፋፈላል። ጋዙ የድንጋይ ከሰልን በመተካቱ ከኃይል ማመንጫዎች የሚወጣው ብክለትም ቀንሷል።

ይሁንና ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በዲሞክ አካባቢ የነዋሪዎች የጉድጓድ ውኃ በሚቴን ጋዝ ተበክሏል። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አካሂዷቸው እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ የሆኑ ጥናቶች በጋዝ ጉድጓዶች አቅራቢያ መኖር ከአስም መባባስና ሕፃናትን ከሚያጠቃው የሊምፎማ ካንሰር ጋር ተያያዥነት እንዳለው አመልክተዋል፤ ከሕፃናት የደም ካንሰር ጋር ግን ግንኙነት አላገኙም።

ኒውዮርክ በበኩሏ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን መንገድ መርጣለች። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2014 የጤና ስጋቱ በበቂ ሁኔታ እስኪታወቅ ሥራው እንዳይጀመር መከረ፤ እገዳው በ2015 ጸንቶ በ2020 በሕግ ተደነገገ። በድንበሩ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ግን ጎረቤቶቻቸው ያገኙትን ገቢ አጥተዋል፤ ቅሬታቸውም በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። ገቢው ፈጥኖ ይመጣል፣ በገንዘብም ይቆጠራል። ጉዳቱ ግን ዘግይቶ የሚታይ ሲሆን የሚወድቀውም በጥቂት ነዋሪዎች ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2016 ፍራኪንግ የመጠጥ ውኃን ሊጎዳ እንደሚችል ቢያረጋግጥም፣ በመረጃ እጥረት ምክንያት የችግሩን ስፋት በሀገር ደረጃ መገመት አልቻለም።

ስለሆነም የውኃ ጥራትና የሕዝብ ጤና መረጃ መሰብሰብ ያለበት የመጀመሪያው ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ይህ ካልሆነ ተጎጂው ጉዳቱን ለማስረዳት፣ ኩባንያው ነጻነቱን ለማሳየት፣ የመንግሥት አካልም ፍትሐዊ ውሳኔ ለመስጠት ይቸገራሉ።