የምራታችሁን ማህፀን ብቻ አትጠይቁ

የዛሬው ጽሑፌ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ለጓጓችሁ እናቶችና አባቶች ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሰርቀን የምናየው የምራታችንን ሆድ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ጠበል የምትወሰደው፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ ናት። ፅንስ ከወረደባት ደግሞ «ሾተላይ አለባት» እንላለን። ልጃችንን ግን ማንም አይጠይቀውም። በዚህ የተነሳ ስንት ትዳር እንደፈረሰ እናንተም ታውቃላችሁ።

ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ በወንዱ ብቻ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። ሐኪሞች ዛሬ ሾተላይ የሚሉት የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም እንኳ፣ ፅንሱ ከእናቱ የማይስማማውን የደም ዓይነት ከአባቱ ሲወርስ የሚመጣ ነው።

«ልጄ ተመርምሮ ደህና ነህ ተብሏል» የምትሉ አትጠፉም። የተለመደው የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሚያየው የስፐርሙን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ነው። ስፐርሙ የተሸከመውን ዲኤንኤ፣ ማለትም ልጁ ከአባቱ የሚወርሰውን ሁሉ የያዘውን ክር፣ አያይም። ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ከላይ ያማረ ስንዴ ውስጡን ነቀዝ በልቶት ሊሆን ይችላል።

ክሩ የተቆራረጠ ስፐርምም እንቁላሉ ጋ ሊደርስ ይችላል። እንቁላሉ ጥቂቱን ጉዳት ይጠግናል፤ የሴቷ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይህ አቅም ይደክማል። ጉዳቱ ሲበዛ እርግዝና ሊዘገይ፣ ወይም ተረግዞ ሊወርድ ይችላል።

ክሩን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር በሽታ፣ ኢንፌክሽን፣ ከፍተኛ ትኩሳትና የአባት ዕድሜ መግፋት ይገኛሉ። የቆለጥ ደም ሥሮች ማበጥም ሌላው ምክንያት ነው። ቆለጥ ከቀሪው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት፣ ምድጃ ፊት መዋልም አይስማማውም።

ደስ የሚለው፣ ሰውነት አዲስ ስፐርም ለማዘጋጀት የሚፈጅበት 3 ወር ያህል ብቻ ነው። ሲጋራ ያቆመ፣ ስኳሩን የተቆጣጠረ፣ ኢንፌክሽኑን የታከመ ሰው ለውጥ ሊያይ ይችላል። ያበጠው የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ሲስተካከልም ጉዳቱ የሚቀንስላቸው አሉ። «ለወንድ ዘር» ተብለው የሚሸጡ ቫይታሚኖች ግን ልጅ ለማስገኘታቸው አስተማማኝ ማስረጃ ስለሌለ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የዲኤንኤው ምርመራ ለሁሉም ሰው የሚታዘዝ አይደለም፤ ብቻውንም ፍርድ አይሰጥም። ፅንስ ሲደጋገም ሲወርድ ወይም ምክንያቱ ሲጠፋ ሐኪሙ ሊያስበው ይችላል። ለማንኛውም ጥንዶቹ ሳይከላከሉ 1 ዓመት ሞክረው ካልተሳካ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሁለቱም ይመርመሩ።

ልጅ አለመውለድ የወንድነት ጉድለት አይደለም፤ ሕክምና የሚሻ የጤና ጉዳይ ነው። ወንድ ልጅ ይህን ከእናት ከአባቱ አፍ ሲሰማው ወደ ሐኪም ለመሄድ አያፍርም። ስለዚህ ሽማግሌ ለፍቺ ከመቀመጡ በፊት፣ ምራታችሁም ብቻዋን ከመንከራተቷ በፊት፣ ልጃችሁን ጠርታችሁ «ልጄ፣ አብራችሁ ሂዱ» በሉት።